ስድስት በአራት ሳሎን

የካቲት 4፣ ሰኞ

ቤት ልንሠራ ነው። ባሌ ምሳ ላይ ቆሞ አወጀ፤ ተቀምጦ ቢናገር ቤቱ የሚያንስበት ይመስል። "ደረጃ የሌለው፣ ሁሉም ነገር በአንድ ወለል ላይ" አለና እጁን ጠረጴዛው ላይ አንሸራተተ። ጨው ደፋ።

የምንኖረው በኪራይ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም። አማቴ ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ወደ ምድር የወረዱት ለሐኪም ብቻ ነው፤ እሱም በወንበር ተሸክመናቸው። በአፌ "እማማ" እላቸዋለሁ፤ እዚህ ደብተር ላይ ግን "እቴጌ" ናቸው። ልጄ ብታነበው ጉዴ ፈላ። ጆሯቸውም ደክሟል፤ ካልጮኹላቸው አይሰሙም። ባልሰሙት ነገር እንዴት እንደሚያኮርፉ ግን እስካሁን አልገባኝም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። መኪናዬ የቆመችው ኮሪደር ላይ፣ በወጥ ቤቱና በሽንት ቤቱ መካከል ነው። ወደ ሽንት ቤት የሚሄድ ሁሉ ትከሻዬን ገፍቶ ያልፋል፤ ሲመለስም ገፍቶ ያልፋል፣ እጁን ሳያደርቅ። ደንበኞቼ ልብስ የሚለኩት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው። ባለፈው አንዷ ሙሽራ ቀሚሷን ለማየት ዞር ስትል ክርኗ ቧንቧውን ከፈተውና ቀሚሱም እሷም ታጠቡ።

ከአዲሱ ቤት የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በር ያለው የስፌት ክፍል። መስኮቱ በግራዬ በኩል ይሁን፤ ብርሃን ከግራ ካልመጣ የራሴ እጅ መርፌው ላይ ጥላ ይጥልብኛል። ሌላው ቤት እንደፈለገ ይሁን። ለባሌ ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ስለ ሳሎኑ እያወራ ስለነበር አላቋረጥኩትም።

የካቲት 7፣ ሐሙስ

ባሌ ንድፍ ሠሪው የጠየቀውን ዋጋ ሰምቶ ሁለት ቀን አፉ ተዘጋ። ዛሬ ከሥራ ሲመለስ (የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ሻጭ ነው) ፊቱ በርቷል።

"አንቺ ከአጭር ጨርቅ ሙሉ ኮት ታወጪ የለም እንዴ? ቤት ከኮት በምን ይለያል? አንቺ አውጪው፤ ንድፍ ሠሪው ገልብጦ ማኅተሙን ብቻ ይመታበታል።"

ድንቄም! ማሞገሱ አይደለም፣ መቆጠቡ ነው። ግን ምን ልዋሽ፣ ደስ አለኝ። ሰው ሲያሞግሱት ጅል ይሆናል።

አቅማችን የሚፈቅደው አሥር ሜትር በስምንት ነው። መሬቱም ከዚያ በላይ አይለቅም፤ ወርዱ አሥራ ሦስት ሆኖ "ከሁለቱም አጥር አንድ ተኩል አንድ ተኩል ራቁ" ይላል የመዘጋጃ ቤቱ ደንብ። መሬቱ የተገዛው እቴጌ የራሳቸውን ቤት ሸጠው በሰጡት ገንዘብ ነው። ይህን ማንም አይክድም፤ ነጋ ጠባ ማንሳት ግን አያስፈልግም።

የካቲት 10፣ እሑድ

ቀኑን ሙሉ ቤት ስሠራ ዋልኩ፤ በመቀስ። ለልብስ የምቆርጥበትን ወረቀት መሬት ላይ ዘረጋሁና አንዱን ሜትር አምስት ሳንቲም አደረግኩት። ቤቱ የትራስ ልብስ አከለ። ከዚያ የቤቱን ዕቃ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ቆረጥኩ። የኛ አልጋ ከኮት ገበር፣ የልጄ አልጋ ከሰማያዊ ሸሚዝ፣ የባሌ ሶፋዎች ከቡናማ ሱፍ፤ የእቴጌ አልጋ ከጥቁር ሱሪ ትራፊ። እያሽከረከርኩ ገጣጠምኳቸው። ሥራው እኮ ያው ነው! ቁርጥራጩን ታዞሪዋለሽ፣ ታዞሪዋለሽ፣ አንድ ቦታ ላይ "እዚህ ነኝ" ይልሻል።

መጀመሪያ ኮሪደርን ሰረዝኩ። ኮሪደር ማለት ከፍለሽ የምትገዢው፣ ማንም የማይለብሰው ጨርቅ ነው። እኔ እዚያ ላይ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አውቀዋለሁ። ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት ጎን ለጎን ይሆናሉ፤ አንድ ግድግዳ፣ አንድ የቧንቧ መስመር። ጣሪያው ሁለት ክንፍ ብቻ ይሆናል፤ ማዕዘን በበዛ ቁጥር ቆርቆሮው ይባክናል፣ ዝናቡም መግቢያ ያገኛል። ከኋላ በኩል የልጄ ክፍል ሦስት ሜትር፣ መታጠቢያ ሁለት፣ ወጥ ቤት ሁለት፣ የኛ መኝታ ሦስት። ከፊት ሳሎኑ ስድስት፣ የስፌት ክፍሌ አራት። ሞላ። አሥር በስምንት፣ አንዲት ብጣሽ ሳትተርፍ! ወገቤን ይዤ ቆሜ አየሁት።

ልጄ መጣችና አንገቷን አጋድላ አየችው። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የሚያሳፍር ጥያቄ ከየት እንደምታመጣው አላውቅም።

"እማዬ፣ የአያቴ አልጋ የታለ?"

ሞት ይርሳኝ! ጥቁሩ ጨርቅ ከመኪናው ሥር ከብጥስጣሹ ጋር ተጠርጎ ተገኘ። ረስቼ ነው እንጂ ክፋት አይደለም። እቴጌን የሚያህል ሰው መርሳት ይቻላል ብዬ አላስብም ነበር፤ ይቻላል ለካ።

እቴጌ ከመስኮቱ ዳር ከወንበራቸው ሆነው "የእኔን አልጋ መንገድ በሚያይ በኩል አድርጉት" አሉ። ማንም አልጮኸላቸውም። ልጄ በእጇ ምልክት ሰጥታቸው ይሆናል።

የካቲት 13፣ ረቡዕ

አራቱን ሜትር ለሁለት ከፈልኩ። ሁለት ለእቴጌ፣ ሁለት ለእኔ። ሳሎኑ መሃል፣ እሳቸው በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ ጫፍ። ለእሳቸው ብዬ ነው፤ የመኪናው ድምፅ እንዳይረብሻቸው። አይሰሙም፣ ቢሆንም።

የካቲት 23፣ ቅዳሜ

ዛሬ ቆርጬ ተነሳሁ። ወረቀቱን ይዤ ባሌ አጠገብ ተቀመጥኩና "ሳሎኑ አምስት ቢሆንስ? አንዱን ሜትር ወደ ስፌት ክፍሉ ብናመጣው" አልኩት።

"እንግዳ ቢመጣስ?" አለ።

"እሺ" አልኩ።

አለቀ። ይኸው ነው የሁለታችን ሸንጎ። አፌ ላይ የነበረውን ግን እዚህ ልጻፈው፤ ወረቀት አይቆጣም። የትኛው እንግዳ? ወደዚህ ቤት የመጣው ትልቁ እንግዳ የሱቁ ባለቤት ነው። እሱም የመጣው የመጋዘኑን ቁልፍ ፍለጋ ነበር። ግማሽ ስኒ ሻይ ጠጥቶ፣ ሰዓቱን ሦስት ጊዜ አይቶ ወረደ። ያ ሰው ስድስት ሜትር ምን ያደርግለታል? ሊሮጥበት ነው? የጌታዬ ሶፋዎችስ? ሦስቱ አንድ ላይ፣ መሃላቸው ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አበባ። እኔ ኮሪደር ላይ ጎብጬ የምሰፋው አበባው እንዲመቸው ነው!

አንዱንም አላልኩም። ወጥ ቤት ገባሁና ንዴቴን ልጄ ላይ ተነፈስኩ። "እኚህ አሮጊት ሁለት ሜትር ምን ይሠራላቸዋል? ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ፣ ሌሊቱን አልጋ ላይ። አንድ ሜትር ተኩል ይበቃቸዋል፤ አይጨፍሩበት!"

"ስለ አባዬ እየተናደድሽ ነው" አለች ልጄ።

"ሽንኩርቱን ክተፊ" አልኳት።

መጋቢት 5፣ ሐሙስ

የባሌ እህት ቤት ጓሮ አለው። ሰፊ፣ ጥላ ያለበት፣ ደረጃ የሚባል የሌለው። እኔ እቴጌ ወደዚያ ይሂዱ አላልኩም። "የእህትህ ጓሮ እንዴት ያምራል፤ ሽማግሌ ሰው አየር ያስፈልገዋል" ነው ያልኩት። ሰው ስለ ጓሮ ማውራት አይችልም?

ማታ ሐሳቡ የባሌ ሆኖ ተመለሰልኝ። "አንድ ነገር ሳስብ ነበር…" አለ። ሁሌም እንደዚህ ነው። ገበሩን እኔ እሰፋለሁ፣ ኮቱን እሱ ይለብሳል።

መጋቢት 15፣ እሑድ

የባሌ እህት መጣች። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ወጥ ቤት አስገባናትና በሩን ገርበብ አደረግነው። ባሌ ስለ አየር ጀመረ። ስለ ጥላ ቀጠለ። እሷ ገና "እማ" ከማለቱ ገብቷታል።

"ውይ በሞትኩት፣ እኔማ ደስታዬ ነበር! ግን ውሻው። ሽማግሌ አይወድም።"

"ውሻውን ማሰር ይቻላል" አለ ባሌ።

"ባለቤቴም ማታ ማታ ቴሌቪዥን ያስጮኻል።"

"እማዬ አትሰማም።"

"ልጆቹም ፈተና ደርሶባቸዋል። ቆይ፣ እናንተ ለእማዬ ብላችሁ አይደል እንዴ ደረጃ የሌለው ቤት የምትሠሩት? በእማዬ ገንዘብ?" ይህን ስትል እኔን አየች። ጓሮውን ማን እንዳደነቀው ታውቃለች። ሴት ናት።

ከዚያ ከመስኮቱ ዳር ድምፅ መጣ። ጮክም ያላለ፣ ዝግም ያላለ።

"ሰው ስትጥሉ በሩን ግጥም አድርጋችሁ ዝጉ። ጆሮዬ ደከመ እንጂ አልሞተም።"

ባሌ ጫማውን አየ። እህቱ ቦርሳዋን አየች። እኔ የታጠበ ብርጭቆ አነሳሁና እንደገና ማጠብ ጀመርኩ።

ይሰማሉ! የሚጮኹባቸውን አይሰሙ ይሆናል፣ የሚያንሾካሹኩባቸውን ግን አጥርተው ይሰማሉ። እንግዲህ የካቲትን ሙሉ፣ መጋቢትን ግማሽ ወጥ ቤት ውስጥ ያልኩት ሁሉ ደርሷቸዋል ማለት ነው። "አይጨፍሩበት" ያልኩትም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ምን ይደረጋል። እራት ሳቀርብላቸው ዓይኔን አልሸሹም፤ እኔ ነኝ የሸሸሁት። "ጨው አንሶታል" አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 17፣ ማክሰኞ

የእቴጌን ክፍል ሁለት ተኩል አደረግኩት። ተሰምቶኝ አይደለም። አልጋቸው አጠገብ ወንበር ካልገባ ማን ሊያነሳቸው ነው? መስኮታቸውንም ወደ መንገዱ አዞርኩት፤ ነፋሱ ከዚያ በኩል ስለሚሻል ነው።

"ላንቺ አንድ ተኩል ብቻ ቀረሽ" አለች ልጄ።

"መኪና አትወፍርም" አልኳት።

አንድ ሜትር ተኩል። መኪናዋ ትገባለች፣ እኔ እገባለሁ፣ ጨርቁ ከበር ውጭ ይቆማል። በር ግን አለው! በሩን ዘግቼ ዝም ብዬ ብቀመጥ ማን ያየኛል።

መጋቢት 27፣ ዓርብ

አከራዩ መጣ። ክረምት ሳይገባ ልቀቁ። ልጁን ሊድር ነው። ባሌ "እሺ" አለው። ለሌላ ሰው ሲሆን እሱም ይችልበታል።

ደመና። ያነጋገርነው ግንበኛ፦ መሠረቱ ከዝናቡ በፊት ካልወጣ ጭቃ ነው የምንቆፍረው አለ። የሲሚንቶ ዋጋ ጨመረ። ሦስት ሙሽራ በአንድ ሳምንት። አንዷ ከለካኋት ወዲህ ወፍራለች፣ እኔ ነኝ ያጠበብኩት አለች። እቴጌ ዛሬ ደረጃውን ብቻቸውን ለመውረድ ሞክረው ሦስተኛዋ ላይ ተቀምጠው ተገኙ። የት ሊሄዱ እንደነበር አልተናገሩም።

ትከሻዬ።

ሚያዝያ 5፣ ቅዳሜ

ንድፍ ሠሪው ንድፌን ገለበጠው። ቢሮው አሪፍ ነው፤ የሚሽከረከር ወንበር አለው፤ እኔ ስገባም እየተሽከረከረ ነበር። የጨርቅ አልጋዎቼን አይቶ ሳቀ፣ መስመሮቼን በማስመሪያ አቀና፣ ማኅተሙን ረገጠ። "ጎበዝ ነሽ እትዬ፣ አንዲት ሳንቲም አላባከንሽም" አለኝ። አንድም ጥያቄ አልጠየቀኝም። ባሌ ማታ ለጎረቤት "ንድፉን እኛ ነን ያወጣነው" ሲል ሰማሁት። ብዙ ቁጥር ያኮራል።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። እኔም ወረቀቱን ትራሴ ሥር አድርጌው ተኛሁ።

ሚያዝያ 12፣ ቅዳሜ

ችካል ተተከለ።

ደስ ብሎኝ ነበር የሄድኩት፤ ይህን ላስቀድም። አዲሱን ሻርፕ አድርጌ። ባሌ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እንደ አስመራቂ ይንጎራደዳል። ግንበኛው ሲባጎውን ይዞ፣ አሥር ሜትሩን ለክቶ ጫፍና ጫፉን ተከለ። ከዚያ ንድፉን አየና ወደ እኔ ዞረ።

"እትዬ፣ ግድግዳው ከመስመሩ በየት በኩል ነው የሚቆመው?"

"እንዴት በየት በኩል? መስመሩ ነዋ ግድግዳው።"

"መስመሩማ ክር ነው። ብሎኬቱ ከነልስኑ ሃያ ሳንቲም ይወፍራል። ከፊት ያሉት ግድግዳዎች አራት ናቸው፤ ሰማንያ ሳንቲም። ከኋላ አምስት፤ አንድ ሙሉ ሜትር። ወደ ውጭ እንዳንወጣ አጥሩ አይፈቅድም። ከየት ላንሳው?"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እኔ! ለሕፃን ቁምጣ እንኳ ለስፌት የሚሆን ትርፍ ሳልተው መቀስ የማላነሳ ሴት! ስፌት ሊማሩ የሚመጡብኝን ልጆች "ትርፍ ያልተወ ሰው ልብስ አይሰፋም፣ መሐረብ ይስፋ" እያልኩ በጣቴ ስኮረኩም የኖርኩ ሴት፣ የሙሉ ቤት ግድግዳ በወረቀት ላይ እንደ ጠመኔ መስመር አስቀመጥኩት። ያ በወንበሩ የሚሽከረከረውም "አላባከንሽም" ብሎ ማኅተም መታበት። ባሌ ዝም ብሎ ቢያየኝ ይሻል ነበር። "ኮትና ቤት አንድ አይደሉም እኮ" አለ። ማን ነበር አንድ ናቸው ያለው?

የኋላው ቀላል ነበር፤ ከአራቱ ክፍል ሩብ ሩብ ሜትር ተነሳ። ከፊት ግን?

"ሳሎኑ አይነካም" አለ ባሌ።

"የእማማ ክፍልም አይነካም" አልኩ። ራሴ ነኝ ያልኩት፤ ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት።

ግንበኛው ለካ። ሳሎኑ ስድስት፣ የእቴጌ ሁለት ተኩል፣ ግድግዳው ሰማንያ ሳንቲም። የቀረው ሰባ ሳንቲም ነው። ክንዴን ብዘረጋ ክርኔ ግድግዳ ይመታል።

"ምንም አይደል" አለ ባሌ፣ ችግር እንደፈታ ሰው። "መጥረጊያና ባልዲ እናስቀምጥበታለን። መኪናሽን ወጥ ቤት በር አጠገብ እናቆማታለን። ምን ይልሻል?"

"እሺ" አልኩ።

አውቶቡስ ውስጥ ሻርፔን አውልቄ ፊቴን ሸፈንኩ። አቧራ ነበር።

ሚያዝያ 13፣ እሑድ

እቴጌ ማለዳ ለብሰው ተቀምጠው አገኘናቸው። "ነገ ከመቆፈሩ በፊት ቤቴን አሳዩኝ" አሉ።

ባሌ ስለ ፀሐዩ አወራ፣ ስለ ዳሌያቸው አወራ። እሳቸው ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ጠበቁ። በመጨረሻ ግንበኛውና ሠራተኛው ተጠርተው ከነወንበራቸው አነሷቸው። እያንዳንዷ ፎቅ ላይ "አሳርፉኝ" እያሉ የሁሉንም ጎረቤት ጤና ጠየቁ። ከአራተኛ ፎቅ እስክንወርድ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ሰምተን ጨረስን።

ቦታው ላይ በሲባጎው መካከል አዞርናቸው። መጀመሪያ የራሳቸውን ክፍል አዩ። "አልጋዬ ይገባል። ወንበርም ይገባል። መስኮቱም መንገድ ያያል። ማን አሰበበት?" እኔ ሻርፔን አስተካከልኩ።

"ይሄ ሜዳስ ምንድነው?"

"ሳሎን ነው፣ እማዬ።"

"ለማን?"

"ለእንግዳ ነዋ።"

"ለየትኛው? ለዚያ ሻዩን ሳይጨርስ ለወረደው?"

ግንበኛው ሳቁን በሳል ሸፈነው። እቴጌ ወደ ጫፉ አዙሩኝ አሉ። ሰባ ሳንቲሟን በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጓት።

"ይሄስ? የውሻ ነው?"

"የመጥረጊያና የባልዲ ነው።"

"የእሷ መኪናስ?"

"ወጥ ቤት በር አጠገብ… እሷም እሺ ብላለች፣ እማዬ።"

ወንበራቸውን ወደ እኔ እንዲያዞሩ አዘዙ። እኔን ለማየት ብለው ሁለት ጎልማሳ አሠሩ።

"እሺ አልሽ?"

"አዎ፣ እማማ።"

"ወጥ ቤት ገብተሽ እኔን ስትቆራርጪ የሚውለው ምላስ ባልሽ ፊት ሲደርስ ምን ይነካዋል? ይዶለዱማል? ሁለት ወር ሙሉ ከእኔ አልጋ ላይ ክንድና ስንዝር ስትሸርፊ፣ ይሄ ሁሉ ሜዳ አጠገብሽ ተዘርግቶ አልታየሽም?"

አፈርኩ። እዚያው፣ በግንበኛውና በሠራተኛው ፊት ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። ማፈር ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ተናደድኩም። እውነት ስለነበረ ነው የተናደድኩት። የማያስፈራኝን ሰው ሁሉ ስዘነጥል ኖሬ የሚያስፈራኝን ሰው አንድ ቀን አልነካሁትም። ይህን ለመስማት አማት ያስፈልገኝ ኖሯል።

እቴጌ መልስ አልጠበቁም። ግንበኛውን "ያን ችካል ንቀለው" አሉት።

"የት ልትከለው፣ እማማ?"

"ሂድ… ሂድ… ሂድ… እዚያ!"

ሁለት ሜትር ወደ ሳሎኑ። ግንበኛው ለካና "ሳሎኑ አራት፣ የስፌቱ ሁለት ሜትር ከሰባ" አለ። ንድፉን አገላብጦ አየና ራሱን አከከ። "አንድ ነገር ብቻ፤ የእናንተ መኝታ ቤት ከስፌቱ ጀርባ ስለሆነ በሩ እንግዲህ በስፌቱ በኩል ነው የሚከፈተው። ሌላ መውጫ የለውም።"

ባሌ አፉን ከፈተ። እናቱን አየ። ዘጋው። ስምንት ወንድና ሴት የወለዱ እናት ናቸው፤ አስተያየታቸውን ይችሉበታል።

ቤት ስንመለስ ለእቴጌ ሻይ አቀረብኩ። "እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አልኳቸው። "ቀዝቅዟል" አሉኝ፤ ሻዩን ማለታቸው ነው። አሙቄ አመጣሁላቸው።

ማታ

ልጄ ተኝታለች። ባሌ የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ካልሲውን እያወለቀ በሹክሹክታ "ነገ ቆፋሪዎቹ ሳይጀምሩ ችካሉን እመልሰዋለሁ" አለኝ። "እማዬ ከአራተኛ ፎቅ ሆና አታይም። ቤቱ ሲያልቅ ደግሞ ትረሳዋለች። አንቺም ብትሆኚ ለሰባ ሳንቲም እሺ ብለሽ ነበር አይደል?"

"እሺ" አልኩ።

አፌ ለምዶት ነው! ከሆዴ ሳይሆን ከጥርሴ ነው የወጣው። እሱ መብራቱን አጥፍቶ ተኛ። እኔ ይኸው ሽንት ቤት ተቀምጬ እጽፋለሁ፤ የሚቆለፍ በር ያለው ክፍል እሱ ብቻ ስለሆነ። ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ ላይ የምጽፈው ስድብ አጣሁ፤ እቴጌ ጨርሰውታል።

ሚያዝያ 14፣ ሰኞ

በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄድኩ። ቦታው ላይ ማንም አልነበረም። ችካሉ እቴጌ ያሉበት ቦታ ላይ ነበር። ሲባጎው አጠገብ ሄጄ ቆምኩ። ሞኝ መሰልኩ፤ አንዲት ሴት ባዶ ሜዳ ላይ ክር ስትጠብቅ።

ቆፋሪዎቹ ከግንበኛው ጋር መጡ፤ ትንሽ ቆይቶ ባሌ መዶሻ ይዞ መጣ። ሲያየኝ ደነገጠ።

"ምን ትሠሪያለሽ?"

"ቆሜያለሁ።"

"ከመስመሩ ተነሺ እንጂ፣ ሰዎቹ ሥራ ላይ ናቸው።"

"አልነሳም።"

"ማታ እሺ ብለሽ የለም እንዴ?"

"ብያለሁ። ዛሬ ግን አይሆንም እያልኩህ ነው።"

እውነቱን ልጻፍ። ያሰብኩት ነገር ሁሉ፣ አበባው፣ ሶፋው፣ የሱቁ ባለቤት፣ ሁሉም ጠፋብኝ። አንዲት ተረብ እንኳ አልመጣችልኝም። "ክፍሉን እፈልገዋለሁ" ብቻ ነው ያልኩት። ሁለቴ አልኩት፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጮክ ብሎ ወጣ።

ባሌ መዶሻውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። "ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?" አለኝ። የሚገርመው እውነቱን ነበር። አልነገርኩትማ። ደብተር ሙሉ ጽፌያለሁ፣ ለእሱ ግን አንድ ቃል አልነገርኩትም።

ግንበኛው ደመናውን አየና "ጋሼ፣ ዝናቡ ሳይቀድመን የቱን መስመር ልቆፍር?" ብሎ ጠየቀው።

ባሌ ዞሮ ሳሎኑን አየ። አራት ሜትር ላይ ሦስት ሶፋ እያስገባ እያስወጣ እንደነበር አውቃለሁ። ከዚያ መዶሻውን ሣሩ ላይ አስቀመጠ።

"እሷን ጠይቃት" አለ።

"ቆፍር" አልኩት።

ዶማው ወረደ። አፈሩ ከሥሩ እርጥብ ነው። ባሌ አጠገቤ መጥቶ ቆመና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እና እኔ ለመተኛት በአንቺ ክፍል ውስጥ ላልፍ ነው?" አለኝ።

"አዎ፣ ታልፋለህ። መጀመሪያ ግን ታንኳኳለህ።"

ቆፋሪው ሳቀ። ባሌ አልሳቀም።